ለኮቨንትሪው አናጺ፦ የሌላ ሰው መስመር ስለ መከተል

ውድ ጠያቂያችን፣

በደብዳቤዎ እንደ ገለጹልን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የእንጨት ሥራ ተምረው ለዓመታት በቤት ዕቃ ማምረቻ ሠርተዋል፤ ዛሬ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ የሚኖሩ ሲሆን፣ ሕጋዊ የሥራ ፈቃድ ይዘው በአንድ የዕቃ መጋዘን የሌሊት ፈረቃ ይሠራሉ። ጥንታዊ መኪናዎችን ከሚያድስ አነስተኛ ወርክሾፕ ሥራ በጠየቁ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ከተሠራ አልቪስ መኪና የወጣ አንድ የበሰበሰ እንጨት ተሰጥቶዎታል። እንጨቱ በግራ በኩል ከበሮቹ በላይ የሚያልፍና ወደ ኋላ ሲደርስ ወደ ታችም ወደ ውስጥም የሚጎብጥ የጣሪያ ተሸካሚ ነው፤ «ይህን ቀድተው ያምጡና እንነጋገር» ተብለዋል። የጠየቁን ሦስት ነገር ነው፦ ፈተናውን መቀበል ይገባኛል ወይ፣ እንጨቱን በእንፋሎት ላጥፈው ወይስ ስስ ንጣፎችን በኮላ ልደርብ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቴ የመጋዘኑን ሥራ ትቼ ወደዚህ ሙያ ብገባስ እንጀራ ይሆነኛል ወይ።

ፈተናውን ይቀበሉ። ሆኖም ወርክሾፑ የሚፈትነው፣ እርስዎ እንደሚያስቡት፣ እንጨት የማጠፍ ችሎታዎን አይመስለኝም። የቤት ዕቃ ሠሪ የወንበሩን ጀርባ ጉብጠት ራሱ ይወስናል፤ ከንድፉ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢወጣም ስድስቱንም ወንበሮች በዚያው ልክ እስከሠራ ድረስ የሚያውቅበት የለም። የመኪና አዳሽ ግን ከዘጠና ዓመት በፊት ሌላ አናጺ ያወጣውን መስመር ይከተላል፤ በሁለት ሚሊ ሜትር ከሳተ በሩ ክፈፉን ይነካል፣ ወይም ላሜራው ጠርዙ ላይ ያብጣል። ስለዚህ የሚመዘኑት የሌላውን ሰው መስመር ምን ያህል በታማኝነት እንደ ተከተሉና እንዴት እንደ ተከተሉት ማስረዳት በመቻልዎ ነው። ከዚህ በታች የምጽፍልዎ ምክር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

አስቀድመው እንጨቱ በመኪናው ውስጥ ያለውን ሥራ ይወቁ። አልቪስ እ.ኤ.አ. በ1919 በዚያው በሚኖሩበት ከተማ የተቋቋመ ድርጅት ነው። በዘመኑ እንደነበሩት ብዙ አምራቾች ሻንሲውን፣ ማለትም የታችኛውን የብረት ክፈፍ፣ እንዲሁም ሞተሩን ሠርቶ የመኪናውን አካል ሥራ ለሌሎች ይሰጥ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ቻርልስወርዝ እና ክሮስ ኤንድ ኤሊስ የተባሉት ሁለቱ እዚያው ኮቨንትሪ ነበሩ። እነዚህ ቤቶች መጀመሪያ አሽ ከሚባለው እንጨት አጽሙን ያቆማሉ፤ ቀጥሎም የአሉሚኒየም ወይም የብረት ላሜራ አልብሰው ጠርዙን በእንጨቱ ላይ በማጠፍ በትንንሽ ምስማር ይመቱታል። ከበሮቹ በላይ ያለው እንጨት እንግዲህ ጣሪያውን ይሸከማል፣ የበሩን ክፍተት ይወስናል፣ የላሜራውንም ጠርዝ ይይዛል። አሽ ከእኛ ወይራ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ ዛፍ ነው። ድንገተኛ ምትን ስለሚችል የመጥረቢያና የመዶሻ እጀታ ይሠራበታል፣ ብሎንም አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን እርጥበት ሲቆይበት ቶሎ ይበሰብሳል። ኦክ ስለሚባለው ሌላ ጠንካራ እንጨት «ኦክ ይሻላል፣ እሱ አይበሰብስም» የሚል መካሪ ካጋጠመዎት አይስሙት፤ የኦክ አሲድ የሚነካውን ብረት ይበላል፣ ከዚህም በላይ እርስዎ ቅጅ እንጂ ማሻሻያ እንዲያመጡ አልተጠየቁም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ መልሱ በእጅዎ ባለው አሮጌ ቁራጭ ላይ ይገኛል። ወርክሾፑ ከፈቀደልዎ ቆሻሻውን በቀስታ ፍቀው ቃጫውን ይመልከቱ። ቃጫው ጉብጠቱን ተከትሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ከሆነ እንጨቱ በእንፋሎት ታጥፏል፤ ጎን ለጎን የሚሄዱ የኮላ መስመሮች ከታዩ ተደርቦ የተሠራ ነው፤ ቃጫው ቀጥ ብሎ ሄዶ ጉብጠቱ ላይ ሲደርስ ጠርዙን አቋርጦ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ከሰፊ ጣውላ በመጋዝ የተቆረጠ ነው። በዚያ ዘመን በነበሩ የእንግሊዝ መኪና አካላት ይህ ሦስተኛው አሠራር የተለመደ ነበር፤ ጉብጠቱ ሲረዝም ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ አጋጥመው በኮላና በብሎን ያስሩት ነበር። በደብዳቤዎ ይህን መንገድ ጨርሶ አላነሡትም፤ ምናልባት ለፈተና የሚሰጥ ነገር ከዚህ የከበደ መሆን አለበት ብለው ይሆናል። ይህ አሠራር ከሆነ ግን ዕድለኛ ነዎት፤ በሁለት አቅጣጫ የሚጎብጥ የወንበር እግር ሲያወጡ እንደሚያደርጉት፣ በአንደኛው ገጽ በኩል በባንድ ሶው (ቀጭን የሚዞር ምላጭ ባለው የኤሌክትሪክ መጋዝ) ከቆረጡ በኋላ ትርፉን በፕላስተር መልሰው አጣብቀው በሌላው ገጽ በኩል መቁረጥ ነው። መጋጠሚያዎቹን አሮጌዎቹ ባሉበት ቦታ ያድርጉ፤ መስመሩ በጠባብ ቦታ የሚዞርበት ላይ ቃጫው አጭር ሆኖ እንዳይቀር የጥንቱ አናጺ አስቦ የመረጠው ቦታ ሊሆን ይችላልና።

ከመጋዙ ይልቅ አብዛኛው ጊዜዎ በልኬት ማለቅ አለበት። የበሰበሰ እንጨት ለዓመታት ረጥቦ ደርቋል፣ ተሸብሽቧል፣ ከጭነቱም በታች ወርዷል፤ ስለዚህ እሱን በቀጥታ ካርቶን ላይ አስቀምጦ መንደፍ ስሕተቱን መቅዳት ነው። የቀኙ ጎን ደኅና ከሆነ ወርክሾፑ ሄደው ከዚያ ይለኩ፣ ንድፉንም ገልብጠው ለግራው ይጠቀሙበት። ይሁንና አካሉ በእጅ የተሠራ ስለሆነ ሁለቱ ጎኖች ፈጽሞ እኩል ናቸው ብለው አይመኑ፤ የተገለበጠው ንድፍ መነሻ ይሆናል፣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት ግን ራሱ የግራው በርና የግራው ላሜራ ናቸው። ሁለት ንድፍ ከ6 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ከሚሠራ ሰሌዳ) ያውጡ፤ አንዱ እንጨቱን ከጎን ሲያዩት፣ ሌላው ከላይ ሲያዩት የሚኖረው ቅርጽ ነው። በሁለቱም ላይ አንድ ቀጥ ያለ መነሻ መስመር ያስምሩና በየ50 ሚሊ ሜትሩ ከመስመሩ እስከ ጠርዙ ያለውን ርቀት፣ እንዲሁም ጠርዙ የሚያዘነብልበትን ማዕዘን እዚያው ንድፉ ላይ ይጻፉ። ማዕዘኑ ከቦታ ቦታ ስለሚለዋወጥ በአንድ ቦታ ብቻ ለክቶ መቀጠል ብዙ ጥሩ አናጺዎችን ያሳስታል። አሮጌ የብሎን ቀዳዳዎችን፣ የበር ማጠፊያው ያረፈበትን ፍልፍልና የምስማሮቹን መደዳ ከማጽዳትዎ በፊት ፎቶግራፍ ያንሡ። አሮጌው ቁራጭ የመኪናው ባለቤት ንብረት ነውና ሳይፈቀድልዎ አንዲትም ጫፍ አይቁረጡለት።

እንጨቱ የታጠፈ ሆኖ ካገኙት ደግሞ በምድጃ ደርቆ የሚሸጠውን ጣውላ ትተው በአየር የደረቀ አሽ ይፈልጉ፤ በምድጃ የደረቀው በእንፋሎት ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። በልማድ የሚሠራበት ስሌት ለየ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል በእንፋሎት ሳጥን ውስጥ ማቆየት ነው። እንጨት ሲጨመቅ እንጂ ሲሳብ ስለማይታገሥ፣ በውጭው ጎን ጫፎቹን አጥብቆ የሚይዝ የብረት ሰቅ ያስፈልገዋል፤ ከሳጥኑ ከወጣ በኋላም በፎርማው፣ ማለትም ጉብጠቱን በሚያስይዘው ቅርጽ፣ ላይ ለማሰር ያለዎት ጊዜ ከደቂቃ ያነሰ ስለሆነ ረዳት ሳይዙ አይጀምሩ። ተደርቦ የተሠራ ከሆነ ሦስትና አራት ሚሊ ሜትር ንጣፎችን አውጥተው በፎርማ ላይ በሞርሴቶ (በማጥበቂያ) ያስሩ። ከፎርማው ሲለቀቅ መጠነኛ ወደ ኋላ መመለስ አለው፤ በግምት የሚመለሰው መጠን አንድን በንጣፎቹ ቁጥር ካሬ አካፍሎ የሚገኘው ነው፣ ስምንት ንጣፍ ቢሆን ከጉብጠቱ አንድ ስድሳ አራተኛ ማለት ነው፤ ፎርማውን በዚያው ልክ ጠበቅ አድርገው ይሥሩ። አዲስ አበባ የለመዱትን ነጩን ኮላ እዚህ አይጠቀሙ፤ የማያቋርጥ ውጥረት ሲኖርበት ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። በውኃ የሚለወሰው የዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ዱቄት ኮላ ወይም ኤፖክሲ የተባለው ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ኮላ ይሻላል። ይህ አሠራር ዛሬም በኢንዱስትሪ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1909 የተመሠረተው የሞርጋን ፋብሪካ በማልቨርን ከተማ የኋላ ጎማ ቅስቶችን ከአሽ ንጣፎች እየደረበ በፎርማ ይጨምቃል፣ ፋብሪካውንም ለጎብኚዎች ያሳያል። ማልቨርን ከእርስዎ ሩቅ አይደለችም፤ ላሜራ ያልለበሰ አጽም በዓይንዎ ለማየት ከሙዚየም ይልቅ እዚያ መሄድ ይጠቅማል።

እንጨቱን ሲገዙ ቀጥ ያለ ቃጫ ያለውን ይምረጡ፤ የዕድገት ቀለበቶቹ እጅግ የተጠጋጉበትን ይተዉት፤ ብዙዎች የተጠጋጋው ይጠነክራል ብለው ቢያምኑም በአሽ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የአሽን ዛፍ የሚያደርቀው የፈንገስ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታንያ መኖሩ ከተረጋገጠ ወዲህ ሻጩን ስለ ጣውላው ምንጭ መጠየቅ ተገቢ ሆኗል። ስትቆርጡም ስትልጉም ጥሩ የአቧራ ጭንብል ይኑርዎ።

ሥራውን ሲያቀርቡ ቫርኒሽ አይቀቡት። ቫርኒሽ መገጣጠሚያን ይሸፍናል፣ መርማሪውም የሸሸጉት ነገር ያለ ይመስለዋል። ጫፎቹን ጥቂት አስረዝመው ይተዉ፣ የእርሳስ መስመሮቹንም አያጥፉ፤ በመኪናው ላይ ሲለካ የሚቆረጠው ያኔ ነው። ከእንጨቱ ጋር ሁለቱን ንድፎች፣ አሮጌውን ቁራጭ፣ ፎቶግራፎቹንና በየደረጃው የፈጀብዎትን ሰዓት የጻፉበትን ማስታወሻ ይዘው ይሂዱ። የእንግሊዝኛዎ ነገር እንደሚያሳስብዎ ጽፈዋል፤ ንድፍ ላይ የተጻፈ ልኬት ግን ብዙ ንግግር አይጠይቅም፣ እነሱም ያነቡታል። የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሆነው ፊቫ እ.ኤ.አ. በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር በእድሳት ወቅት የተደረገው ሁሉ በጽሑፍ እንዲያዝ ይጠይቃል፤ ይህን በራስዎ ተነሣሽነት አድርገው መቅረብዎ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይልቅ ያስታውቅዎታል። ኮሌጅ የሰጠዎት ዲፕሎማ በእንግሊዝ ካለው ደረጃ ጋር እንዲነጻጸር ከፈለጉ ዩኬ ኢኒክ የተባለው ተቋም በክፍያ ያስነጻጽራል፤ እኔ ግን አሁን ገንዘቡን ለአሽ ጣውላ ቢያወጡት እመርጣለሁ።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ችሎታን ለማየት የሚሰጥ አጭር ፈተና ያለ ክፍያ ሊሆን ይችላል፤ የሠሩት እንጨት በደንበኛ መኪና ላይ ከተገጠመና ደንበኛው ከከፈለበት ግን ሥራ ነው፣ ለሥራም ዋጋ ይከፈላል። ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ዝም ብሎ ቆይቶ በኋላ መከፋት ነው ግንኙነትን የሚያበላሸው። ወደፊትም በትርፍ ሰዓትዎ እንዲህ ያሉ ቁራጮችን በራስዎ ስም እየሠሩ የሚሸጡ ከሆነ፣ በአንድ የግብር ዓመት ከዚህ የሚያገኙት ጠቅላላ ገቢ ከ1000 ፓውንድ ሲያልፍ ለግብር ባለሥልጣኑ ማስታወቅ ግዴታዎ ነው።

የመጋዘኑን ሥራ ግን ገና አይልቀቁ። በእኔ ግምት እንጨት ብቻ ለሚሠራ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሥራ ያለው ወርክሾፕ ጥቂት ነው፤ ትንንሾቹ ቤቶች የሚፈልጉት እንጨቱን ሠርቶ ላሜራውንም የሚያለብስ፣ ካስፈለገም የወንበር ቆዳ የሚሰፋ ሰው ነው። ስለዚህ ከቀጠሩዎ መጀመሪያ ከላሜራ ሠሪው አጠገብ ለመሥራት ይጠይቁ። ዕድሜዎ ዕንቅፋት አይሆንም፤ በእንግሊዝ የአፕረንቲስ፣ ማለትም እየሠሩ ሙያ የመማር፣ ሥልጠና የዕድሜ ጣሪያ የለውም፣ በኦክስፎርድሸር ቢስተር ሄሪቴጅ የሚገኘው ሄሪቴጅ ስኪልስ አካዳሚም ጥንታዊ ተሽከርካሪዎችን የሚያድሱ አፕረንቲሶችን ያሠለጥናል። ነገር ግን ቀጣሪ ሳይኖርዎ አፕረንቲስ መሆን አይቻልም፣ በመጀመሪያው ዓመትም ደመወዙ ከመደበኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል የቤት ኪራይዎን አስልተው ይግቡበት። ወርክሾፑ ባይቀበልዎ እንኳ ጎባጣ የደረጃ መደገፊያ የሚሠሩ የእንጨት ቤቶች ተመሳሳይ ልኬት፣ ተመሳሳይ ፎርማና ተመሳሳይ ትዕግሥት ይፈልጋሉ፤ ሁለቱን ንድፎችዎን ለእነርሱም ማሳየት ይችላሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ከመኪናው ይልቅ በዚያ በኩል ቋሚ ሥራ ቶሎ ያገኛሉ ብዬ አስባለሁ።

አሁን ጣውላ ከመግዛትዎ በፊት ለወርክሾፑ አጭር ኢሜይል ይጻፉ፦ የመኪናውን ቀኝ ጎን መጥቼ መለካት የምችለው መቼ ነው፤ አሮጌውን ቁራጭ በቀስታ ለመፋቅ ይፈቀድልኛል ወይ፤ ሥራዬ ከተወደደ በመኪናው ላይ ይገጠማል ወይ፣ ከተገጠመስ የሚከፈለኝ እንዴት ነው። የሚሰጡዎትን መልስ ቢልኩልን፣ ስለ ዋጋው አቀራረብ በሚቀጥለው ደብዳቤ እንመካከርበታለን።