በግፊት ቢራ ማብላላት፦ ከጅማ ለቀረበው ጥያቄ መልስ

ጅማ ውስጥ ያለ ማቀዝቀዣ፣ በተዘጋ የድራፍት በርሜል ቢራ ማብላላት ይቻል እንደሆነ ለጠየቁት ወንድማችን፦ ይቻላል፤ ነገር ግን በርሜሉ ግፊት እንዲችል የተሠራና ማስተንፈሻ ቫልቭ የተገጠመለት ካልሆነ ፈጽሞ እንዳይሞክሩት አደራ እላለሁ። አንድ ኪሎ ስኳር ሲብላላ ከ250 ሊትር በላይ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ መውጫ ያጣ ዕቃ ይፈነዳል።

ግፊቱ 1 ባር (ባር የግፊት አሃድ ነው) አካባቢ ሲያዝ እርሾው የሙዝ ሽታ የሚሰጡትን ውሕዶች የሚያመርተው በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህም በ10 ዲግሪ አካባቢ ይብላላ የነበረው የላገር (በቅዝቃዜ የሚብላላ የቢራ ዓይነት) እርሾ በ20 ዲግሪም ንጹሕ ጣዕም ይሰጣል። 19 ሊትር በሚይዝ በርሜል ከ15 ሊትር በላይ አይጨምሩ። እኔ አንድ ጊዜ እስከ አንገቱ ሞልቼው፣ በማግስቱ አረፋው የሆፕ (ለቢራ ምሬት የሚሰጠው ተክል) ቅንጣት ይዞ ቫልቩ ውስጥ ደርቆ፣ የመለኪያው መርፌ ከ2 ባር አልፎ አገኘሁት፤ በክዳኑ ላይ ባለው የደኅንነት ቀለበት በኩል ቀስ እያልኩ አስተነፈስኩት።

ብዙ ሰው የማያስበው ከፍታውን ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በ0.2 ባር ገደማ ያንሳል፤ መለኪያው የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ ቢራው እኩል ጋዝ እንዲይዝ መመሪያው 1 ባር ያለውን እዚህ 1.2 ያድርጉት።