ኤርምያስ የጻፈው ለስደተኛ ነው

ከረጅም የውጭ ኑሮ በኋላ ጅማ ተመልሼ ከገባሁ ወዲህ፣ ከያሉበት የሚደውሉልኝ የሰፈራችን ልጆች ወሬያቸው አንድ ነው፦ «ጸሎቱ ከአፌ አልወጣ አለ፤ እምነቴ ሳያልቅ አልቀረም።»

እኔ አልቋል አልልም። ጅማ እያለን እኮ እምነታችንን ለብቻችን ተሸክመን አናውቅም። ሌሊቱ ሳይነጋ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይቀሰቅሰናል፤ አዛኑም ከወዲያ ይሰማል። ረቡዕና ዓርብ ቤት ውስጥ ያለው ሽሮ ነው፤ ሳናስበው እንጾማለን። ቡናው ላይ ሙስሊሟ ጎረቤት «ኢንሻአላህ» ስትል እናታችን «እግዚአብሔር ከፈቀደ» ትላለች፤ ስለ ነገ በራሱ የሚፎክር አልነበረም። አሁን ከሌሊት ሥራ ተመልሳችሁ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ ያንን ሁሉ ብቻችሁን ስትይዙት ቢከብዳችሁ ምን ይገርማል?

ሁላችሁም የምትለጥፏት ጥቅስ አለች፤ ኤርምያስ 29፥11፣ «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ»። እስቲ ከምዕራፉ መጀመሪያ አንብቧት። ከኢየሩሳሌም ተማርከው ባቢሎን ለገቡ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው። ሐናንያ የሚባል ነቢይ ነኝ ባይ ኢየሩሳሌም ሆኖ በሁለት ዓመት ይመለሳሉ ብሎ ነበር፤ ኤርምያስ 70 ዓመት አላቸው። እስከዚያስ? ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ። እንግዲህ የእግዚአብሔርን አሳብ ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር አንድ አታድርጉት። ኬዙ በዘገየ ቁጥር እሱ የተወን የሚመስለን ከዚህ የተነሣ ነው። ወረቀቱ እስኪመጣ ቋንቋውን ተማሩ፣ ትዳር ካሰባችሁ አግቡ፤ ይህም ከደብዳቤው ውስጥ ነው።

ሐናንያ ደግሞ ዛሬም አለ። በቀጥታ ሥርጭት «በዚህ ወር ወረቀትሽ ይወጣል» ካለ በኋላ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያስከትላል። ለሱ ከመላክ ለእናታችሁ ላኩ።

ጸሎቱ አልወጣ ካለ አሳጥሩት። ማርቆስ 9፥24 ላይ ያለው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብቻ ነው ያለው፤ ልጁም ዳነለት። መዝሙር 88 (በዳዊታችን 87) ከጫፍ እስከ ጫፍ እሮሮ ነው፤ ቢሆንም ከዳዊቱ አልወጣም፤ ሲከፋችሁ እሱን ድገሙት።

እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፋ ሳምንታት ካለፉ ግን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አንዳንዱ ይህን የእምነት ማነስ ያደርገዋል፤ አልስማማም። ኤልያስ ሞቱን ለምኖ ከዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ መልሶ ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ አበላው። ወደ እግዚአብሔር ተራራ፣ ወደ ኮሬብ፣ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

ቤተሰብ ሲደውል ደግሞ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» አትበሉ። ቢያንስ አንድ ሰው እውነቱን ይወቅላችሁ፤ ፕሮቴስታንት ከሆናችሁ ሽማግሌ፣ ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ የንስሐ አባታችሁ። እዚህ ጅማ ካሉ ደውሉላቸው፤ ደስ ይላቸዋል። የንስሐ አባታችሁን ግን ቅዳሜ ማታ ተዉአቸው፣ ለእሑዱ ቅዳሴ በሌሊት ይነሣሉ።