ጥያቄና መልስ፦ የብሬግዚት ድርድር፣ ከአንቀጽ 50 እስከ ዲክላራሲዮኑ

የጉምሩክ ሰው፦ ሰሞኑን ስለ ብሬግዚት፣ ማለትም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስለ መውጣቷ፣ የተነሳው ክርክር መልክ ስላጣ ጥያቄያችሁን እዚህ አምጡት። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ደግሞ አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፤ የጉምሩክ ኅብረትና ነፃ የንግድ ስምምነት አንድ አይደሉም። የጉምሩክ ኅብረት አባላት ለውጭ ዕቃ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀረጥ ስለሚያስከፍሉ እርስ በርስ «ይህ ዕቃ የት ተሠራ?» አይባባሉም። በነፃ ንግድ ስምምነት ግን እያንዳንዱ የራሱ ታሪፍ አለው፤ ስለዚህ ጥያቄው በየድንበሩ ይነሳል። ይህን ሳይለይ የሚጠይቅ ሰው መልስ አይጠብቅ።

ሰላም ከሊድስ፦ ጋሼ፣ ሕዝቡ «እንውጣ» ያለው በ2016፣ የወጡት በ2020። ምን ይህን ያህል አስጎተታቸው?

የጉምሩክ ሰው፦ ጥሩ ጥያቄ። ሕዝበ ውሳኔው ጁን 23 ቀን 2016 ነው፤ 51.9 በመቶ ለመውጣት፣ 48.1 በመቶ ለመቆየት። ድምፁ በራሱ ግን ማንንም አያስወጣም። በሩ የኅብረቱ ውል አንቀጽ 50 ነው፤ የሚወጣው አገር በደብዳቤ ያሳውቃል፣ ሁለት ዓመት ይቆጠራል፣ ጊዜው ሲያልቅ ስምምነት ኖረም አልኖረም ወጥቷል። ለማራዘም የቀሩት 27 አገሮች በሙሉ እሺ ማለት አለባቸው። ማለትም ሰዓቱ የሚያስጨንቀው ወጪውን ነው፤ ቀሪዎቹ ቁጭ ብለው መጠበቅ ይችላሉ።

ጠቅላይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ደብዳቤውን ያስገባችው ማርች 29 ቀን 2017 ነው፤ ካቢኔዋ ከወጡ በኋላ ምን ዓይነት ንግድ እንደሚፈልግ ሳይስማማ። ከዚያ በፊት በጃንዋሪ ንግግሯ ከነጠላ ገበያው (ዕቃ፣ አገልግሎት፣ ገንዘብና ሰው በአባል አገሮች መካከል በነፃ ከሚዘዋወርበት)፣ ከጉምሩክ ኅብረቱና ከአውሮፓ ፍርድ ቤት ሥልጣን እንወጣለን ብላ ራሷን አስራለች። ሰዓቱ እየሮጠ ምርጫ ጠራች፤ ጁን 8 አብላጫዋን አጥታ በሰሜን አየርላንዱ ዲዩፒ ፓርቲ 10 ወንበር ተደግፋ ቆመች። ጁን 19 ድርድሩ ሲከፈት፣ የብሬግዚት ሚኒስትሯ ዴቪድ ዴቪስ «የበጋው ትልቅ ጠብ ይሆናል» ሲልለት የከረመውን ቅደም ተከተል በመጀመሪያው ቀን ተቀበለ። መጀመሪያ የዜጎች መብት፣ የገንዘብ ሂሳብና የአየርላንድ ድንበር፤ ንግድ ከዚያ በኋላ። ለንደን በእጇ የነበረው ዋናው መደራደሪያ ገንዘቡ ነበር፤ ስለ ንግድ አንድ ቃል ሳይነገር መነጋገሪያ ሆነ። ለእኔ ድርድሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ተከታዩ ነው።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ፓርላማው የሜይን ስምምነት በ2019 ሦስት ጊዜ ጣለው፤ 432 ለ202፣ 391 ለ242፣ 344 ለ286። ቀኑ ከማርች ወደ ኤፕሪል፣ ከኤፕሪል ወደ ኦክቶበር፣ ከኦክቶበር ወደ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ተገፋ።

ብሩክ፦ ደብዳቤው ከገባ በኋላ መሰረዝ ይቻል ነበር?

የጉምሩክ ሰው፦ ይቻል ነበር። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 10 ቀን 2018 ማንንም ሳያስፈቅዱ መሰረዝ ይቻላል ብሎ ወስኗል። የሚቀጥለው።

ጠያቂው፦ ባጠቃላይ ብሬግዚት ጠቀመ ወይስ ጎዳ?

የጉምሩክ ሰው፦ ማንን? በምን? ጥያቄ አድርገህ አምጣው።

ቶፊቅ፦ ከማኅበር ለመውጣት ገንዘብ መክፈል ምን የሚሉት ነው? ወጣሁ ካልኩ ወጣሁ ነው።

አስናቀች፦ እቁብ በልተህ ሳትጨርስ ብትወጣ ዳኛው ዝም ይልሃል እንዴ ቶፊቅ?

የጉምሩክ ሰው፦ የአስናቀች እቁብ ከሞላ ጎደል ይሠራል። ሂሳቡ ቅጣት አልነበረም። ብሪታንያ አባል ሆና ድምፅ የሰጠችበት የበጀት ዘመን እስከ 2020 ስለነበር የዚያን ቀሪ መዋጮ፣ ቃል ተገብቶ ገና ያልተከፈለ ፕሮጀክት ድርሻዋን፣ የኅብረቱ ሠራተኞች ጡረታ ድርሻዋን ነው የከፈለችው። የብሪታንያ መንግሥት ራሱ ከ35 እስከ 39 ቢሊዮን ፓውንድ ብሎ ገምቶታል፤ የሚከፈለውም በየዓመቱ እየተቆራረጠ ነው። ድርድሩ የተካሄደው በስሌቱ ዘዴ ላይ ነው እንጂ በአንድ ድምር ላይ አልነበረም። ጋዜጦቹ ግን ስለ ድምሩ ብቻ ጮኹ።

ሀቀኛው፦ ይሄ ሁሉ የ«እንቆይ» ባዮች ወሬ ነው። በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ኅብረቱ ሲጋዝ ዝም ተብሎ፣ ሲወጡ ሂሳብ ይወጣላቸዋል።

ሰላም ከሊድስ፦ ያ የ«እንውጣ» ዘመቻ አውቶቡስ ላይ የተለጠፈው ውሸት ዛሬም በሕይወት አለ?

ሀቀኛው፦ ውሸት አይደለም፣ ጠቅላላ መዋጮ ነው። አንቺ የተጣራውን ስለምትፈልጊ ነው።

ሰላም ከሊድስ፦ ጠቅላላም አይደለም። ለገበሬውና ለዩኒቨርሲቲው የሚመለሰውስ?

ሀቀኛው፦ የራስህን ብር አዙረው ሲሰጡህ ስጦታ ነው?

የጉምሩክ ሰው፦ ሁለታችሁም ቆዩ። የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ታቸር ያስገኘችው የመዋጮ ተመላሽ ከመነሻው ይቀነስ ስለነበር ከለንደን ወጥቶ አያውቅም፤ 350ው እሱን ሳይቀንስ የተጻፈ ነው። አለቀ። ሀቀኛው ግን ሌላ ቦታ ነጥብ አለው። ብሪታንያ ራሷን የቻለች ታሪፍ አውጪ መሆኗ ባዶ ቃል አይደለም። ዲሴምበር 2024 የፓሲፊኩን የንግድ ስምምነት ተቀላቅላለች፣ ጁላይ 2025 ከሕንድ ጋር ፈርማለች፣ በ2025 ትራምፕ ታሪፍ ሲያወጣ ለእሷ 10 በመቶ ሲሆን ለኅብረቱ 15 ሆኗል። የጉምሩክ ኅብረት ውስጥ ሆኖ ይህን ማድረግ አይቻልም። ዋጋውም እዚያው አጠገቡ አለ፣ እሱን ቀጥሎ ተመልከቱ።

ነጋዴው፦ እኮ ዜሮ ቀረጥ፣ ዜሮ ኮታ ተፈራርመው የለም? ታዲያ ምኑ ነው የከበደው?

የጉምሩክ ሰው፦ የምጠብቀው ጥያቄ መጣ። ስምምነቱ ዲሴምበር 24 ቀን 2020 አልቆ ጃንዋሪ 1 ሥራ ላይ ዋለ። ዜሮ ቀረጥ ማለት ዜሮ ወረቀት ማለት አይደለም። አጥብቄ እናገራለሁ።

ከስኮትላንድ ወደ ፈረንሳይዋ ወደብ ቡሎኝ የሚሄድ አንድ ሳጥን የባሕር ዓሣ እንውሰድ። ዲሴምበር 31 ከደረሰኝና ከማጓጓዣ ወረቀት በቀር ምንም አያስፈልገውም ነበር። በማግስቱ የሚያስፈልገው ይኸውላችሁ። በብሪታንያ በኩል የወጪ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚሰጥ የዕቃ መግለጫ)፣ በፈረንሳይ በኩል የገቢ ዲክላራሲዮን፣ ዓሣው በሕጋዊ መንገድ ስለመጠመዱ ምስክር ወረቀት፣ ዕቃው ከመድረሱ በፊት የሚገባ ማሳወቂያ፣ መንግሥት ፈቃድ የሰጠው የእንስሳት ሐኪም የፈረመበት የጤና ሰርተፊኬት። ሰርተፊኬቱ በሚገባበት አገር ቋንቋም መሆን አለበት፤ ማኅተሙ ከኅትመቱ የተለየ ቀለም መሆን አለበት። ጥቁር በጥቁር ከተመታ ይመለሳል።

ትልቅ ላኪ አንድ መኪና በአንድ ሰርተፊኬት ይሞላል። የሚጎዳው ትንሹ ነው፣ ምክንያቱም ዕቃውን የሚልከው በግሩፔጅ፣ ከሌሎች ላኪዎች ጋር በአንድ መኪና ተደባልቆ ነው። የአንዱ ወረቀት ከተበላሸ የሁሉም ዓሣ ይቆማል። ጃንዋሪ 2021 የስኮትላንድ ግሩፔጅ የተቋረጠው በዚህ ነው፤ ትኩስ ዓሣ ደግሞ ቀን አይጠብቅም። የሾፌር ምሳ እንኳ አልተረፈም። የሆላንድ ጉምሩክ ሥጋ ያለበትን ሳንድዊች ከሾፌሮች ሲወርስ በቴሌቪዥን ታይቷል፤ ከሦስተኛ አገር ሥጋ ይዞ መግባት ክልክል ነውና።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ስሪት አገር። ዜሮ ቀረጡ የሚሠራው በብሪታንያ ወይም በኅብረቱ ለተሠራ ዕቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ለተላከ ዕቃ ሁሉ አይደለም። ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የሚሸጠውን ፐርሲ ፒግ የተባለ ከረሜላ ውሰዱ። ጀርመን ይሠራል፣ እንግሊዝ መጋዘን ይገባል፣ ከዚያ ወደ አየርላንድ ሱቅ ይላካል። እንግሊዝ ውስጥ ማንም አልነካውም፤ ስለዚህ የብሪታንያ ስሪት አይደለም። የአውሮፓ ስሪት ነው እንዳትሉ፣ ስምምነቱ ቀረጥ የሚያነሳው ከላኪው ወገን ስሪት ላይ ነው። በመሆኑም አውሮፓ የተሠራው ከረሜላ ወደ አውሮፓ ሲመለስ ይቀረጣል። መፍትሔው ከጀርመን በቀጥታ ወደ አየርላንድ መላክ፣ አለዚያም እንግሊዝ ሲገባ ቀረጥ ሳይጠናቀቅለት በጉምሩክ መጋዘን ማቆየት ነው። ለዘመናት አንድ መጋዘን ለሁለቱም አገር ሲበቃ የነበረ ኩባንያ ሁለት መጋዘን ይከራያል። ኢኮኖሚስቶቹ «የንግድ እንቅፋት» የሚሉት ይኼን ኪራይ ነው።

መኪናም እንዲሁ። በቤንዚን መኪና ከሁለቱ ወገን ውጭ የመጡ ዕቃዎች ከፋብሪካ ዋጋው 45 በመቶ ካለፉ አውሮፓ ሲገባ 10 በመቶ ይቀረጣል። የጀርመን ማርሽ ሳጥን እንደ ብሪታንያ ስሪት ይቆጠራል፤ የጃፓኑ አይቆጠርም፤ ከኅብረቱ ጋር የጉምሩክ ኅብረት ያላት የቱርክ እንኳ አይቆጠርም። ለኤሌክትሪክ መኪና ጣሪያው 60 በመቶ ነበር፤ ባትሪው ከእስያ ስለሚመጣ ነው። በ2024 ሊጠብ ሲል ፋብሪካዎቹ ጮኹና እስከ 2026 መጨረሻ አራዘሙት።

ነጋዴው፦ የስሪት አገር መግለጫውን ማን ይሰጣል? ንግድ ምክር ቤት?

የጉምሩክ ሰው፦ አይደለም፣ ላኪው ራሱ ደረሰኙ ላይ ይጽፋል። ብሪታንያዊው በኢኦሪ ቁጥሩ (ጉምሩክ ለነጋዴ የሚሰጠው መለያ)፤ አውሮፓዊው ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ ካለፈ በሬክስ (የኅብረቱ የላኪዎች መዝገብ) ምዝገባ። ማስረጃ ሳይዝ የጻፈ ጉምሩክ ከዓመታት በኋላ ሊጠይቀው ይችላል፤ ቀረጡ የሚጠየቀው ደግሞ አስመጪው ነው። ስለዚህ አስመጪዎች፣ ላኪያችሁን ደረሰኙን ብቻ ሳይሆን የጥሬ ዕቃውን ዝርዝር ጠይቁት።

ዮናስ፦ አየርላንድ ለምን ሁሉን ነገር አሰናከለች? ትንሽ ደሴት አይደለች?

የጉምሩክ ሰው፦ አየርላንድ አላሰናከለችም። የ1998ቱ የሰላም ስምምነት በአየርላንድ ሪፐብሊክና በብሪታንያዋ ሰሜን አየርላንድ መካከል ያለውን ድንበር ከሰው ዓይን አጥፍቶታል፤ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ200 በላይ መሻገሪያ አለው። ሦስት ነገር ተፈለገ። ከነጠላ ገበያውና ከጉምሩክ ኅብረቱ መውጣት፣ በደሴቲቱ ላይ ድንበር አለመኖር፣ በሰሜን አየርላንድና በእንግሊዝ መካከል ድንበር አለመኖር። ሁለቱን መምረጥ ይቻላል፤ ሦስቱን አይቻልም፣ ምክንያቱም ሁለት ታሪፍ ባለበት ዕቃው አንድ ቦታ መፈተሽ አለበት። ሜይ ሌላ መላ እስኪገኝ መላ ብሪታንያን በጉምሩክ ኅብረት ለማቆየት ሞከረች፣ የራሷ ፓርቲ ጣላት። ተተኪዋ ቦሪስ ጆንሰን ኦክቶበር 2019 ፍተሻውን ወደ ባሕሩ አዛወረው፣ ከዚያ ፍተሻ የለም ብሎ ማለ። በፌብሩዋሪ 2023 የዊንድዘር ማዕቀፍ የተባለው የብሪታንያና የኅብረቱ ስምምነት ሰሜን አየርላንድ የሚቀረውን ዕቃ በአረንጓዴ መስመር፣ ወደ ኅብረቱ ሊሻገር የሚችለውን በቀይ መስመር አደረገው። ቀለለ፣ አልጠፋም።

ጠያቂው፦ ቆይ፣ ከጉምሩክ ኅብረቱ ሳይወጡ የራሳቸውን ነፃ ንግድ ስምምነት ቢፈራረሙስ?

የጉምሩክ ሰው፦ መግቢያውን አንብብ።

ፍሬው፦ ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ከምዕራብ አፍሪካ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ከኤኮዋስ ሲወጡስ እንዲህ ተደራድረዋል?

የጉምሩክ ሰው፦ ከዘርፌ ትንሽ ወጣ ይላል፣ ባጭሩ። ጃንዋሪ 2024 «ወዲያውኑ ወጥተናል» አሉ፤ የኤኮዋስ ውል አንቀጽ 91 ግን የአንድ ዓመት ማስታወቂያ ይላል፤ ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ተፈጸመ። ልዩነቱ ሴፋ ፍራንኩንና የምዕራብ አፍሪካውን የገንዘብ ኅብረት አለመልቀቃቸው ነው። ያ ኅብረት የራሱ የጉምሩክ ኅብረት ስላለው ከሴኔጋልና ከአይቮሪ ኮስት ጋር አዲስ ቀረጥ አልመጣም። የፖለቲካውን ጥያቄ ሌላ ሰው ይመልስ።

ሀቀኛው፦ አየህ፣ ሲወጡ ሰማይ አልተደፋም!

ፍሬው፦ ወደብ የሌለው አገር ናይጄሪያን ሲያጣ ጠብቅ እንጂ።

የጉምሩክ ሰው፦ በቃ፣ ወደ ብሪታንያ።

ሜሮን፦ ጋሼ፣ የሆላንድ ፓስፖርት ያለው ዘመዴ አሁን ለንደን መጥቶ መሥራት ይችላል?

የጉምሩክ ሰው፦ ከ2020 መጨረሻ በፊት እዚህ ካልኖረ ቪዛ ያስፈልገዋል። ኖሮ ከነበረ ማመልከቻው እስከ ጁን 30 ቀን 2021 ነበር፤ የዘገየ በቂ ምክንያት ማቅረብ አለበት። ከዚህ በላይ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቂ።

አበባ ላኪ፦ የእኛ ጽጌረዳስ? ከአዲስ አበባ ሆላንድ፣ ከሆላንድ እንግሊዝ ነው የሚሄደው።

የጉምሩክ ሰው፦ ይኼ ብሬግዚት በቀጥታ የነካችሁ ቦታ ነው። ድሮ አምስተርዳም ወይም የቤልጅየሟ ሊዬዥ አንዴ በነፃ ከገባ ለንደን ድረስ ማንም አይጠይቀውም ነበር። አሁን የኢትዮጵያ ጽጌረዳ ሆላንድ ቀረጡን ከጨረሰ በኋላ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር የአውሮፓ ስሪት አይደለም፤ አበባ ስሪቱ የበቀለበት ነው፣ ሆላንድ ውስጥ በእቅፍ መታሰሩ አይለውጠውም። ከኢትዮጵያ በቀጥታ ለሚገባ የሚሰጠው የብሪታንያ ነፃ መብትም በሆላንድ ከተጠናቀቀ ያመልጠዋል። በዚህ መሀል 8 በመቶ ቀረጥ ወደቀበት። ብሪታንያ ይህን አይታ ከኤፕሪል 11 ቀን 2024 ጀምሮ እስከ ጁን 30 ቀን 2026 የተቆረጠ አበባ ቀረጥን በየትኛውም መንገድ ቢመጣ አግዳለች። እገዳ ጊዜያዊ ነው፤ ኮንትራት ስትፈራረሙ 8 በመቶው ተመልሶ ቢመጣ ማን እንደሚሸከም ጻፉበት።

አበባ ላኪ፦ ከተመለሰ ምን እናድርግ?

የጉምሩክ ሰው፦ ወይ በቀጥታ ለንደን በሚያርፍ በረራ መላክ፣ ወይ ሆላንድ ሳይጠናቀቅ በቲ 1 ትራንዚት (ቀረጡ ያልተከፈለ ዕቃ በጉምሩክ ቁጥጥር የሚያልፍበት ሰነድ) ማሳለፍ። በቲ 1 ከሄደ ሣጥኑ አይከፈትም፣ አበባው አይቀየጥም፣ የስሪት ማስረጃው ከጭነቱ ጋር ይሄዳል። ትራንዚተሩ ለቀረጡ ዋስትና ያስይዛል፤ ጭነቱ እንግሊዝ ደርሶ ቲ 1ዱ ካልተዘጋ ዋስትናው ይነካል። ሾፌሩ መድረሻው ላይ ሳያስዘጋ በቀጥታ ወደ ገዢው መጋዘን መንዳቱ የተለመደ ስህተት ነው። ትራንዚተራችሁ ቲ 1ዱ መዘጋቱን የሚያሳየውን መልእክት ካላሳያችሁ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁለት።