መልስ፦ ሳይክሎኑ ብናኙን ለምን ወደ ማጣሪያው ያሳልፋል?

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከላሜራ ያሠራኸው ሳይክሎን (አየሩን አሽከርክሮ የእንጨት ብናኙን በርሜል ውስጥ የሚጥለው መሣሪያ) ደቃቁን ብናኝ በርሜሉ ውስጥ ከመጣል ይልቅ ወደ ቫኪዩሙ (ብናኝ ሳቢው ማሽን) ማጣሪያ እያሳለፈ አስቸግሮህ፣ «ሞተሩን ልቀይር?» ብለሃል። ቆይ፣ ገንዘብህን አታውጣ! መጀመሪያ በርሜሉን መርምር። በክዳኑ ዙሪያ ጠባብ ክፍተት እንኳ ካለ፣ አየር ከታች ይገባና የወረደውን ሰጋቱራ መልሶ ያነሣዋል። ማታ ክፍሉን አጨልመህ፣ የበራ የእጅ ባትሪ በርሜሉ ውስጥ አስቀምጠህ ክደነው፤ ብርሃን ሾልኮ የሚታይበትን ሁሉ በጎማና በሲሊኮን ድፈን።

ቀጥሎ ቱቦዎቹን እይ። መግቢያው የሲሊንደሩን ግድግዳ ታክኮ መግባት አለበት፤ ወደ መሀል ካነጣጠረ አየሩ አይሽከረከርም። መውጫው ደግሞ ከመግቢያው የታችኛው ጠርዝ ዝቅ ብሎ ይውረድ፣ አለበለዚያ ብናኙ በአቋራጭ ያመልጣል። በርሜሉም ሳይሞላ ይደፋ።

የእናንተ ከተማ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ይሳሳል፤ የመሳብ ኃይሉም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ቱቦውን አሳጥረው፣ መታጠፊያ አታብዛበት።

ሳይክሎን ግን እጅግ ደቃቁን ብናኝ ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ የሚገባውም እሱ ነው። የእንጨት ብናኝ ካንሰር አምጪ መሆኑ ተረጋግጧል። ብርዱን ፈርተህ በር ዘግተህ ጽድ ስትሰነጥቅ፣ እባክህ ጭንብልህን አታውልቅ፤ የቫኪዩሙንም መውጫ በቱቦ ወደ ውጭ አውጣው።