ጥያቄና መልስ፦ ለየትኛው ኮምፒውተር የትኛው ገመድ?

በዚህ ሰሞን ከሰሜን ሸዋ ከተሞች የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከውጭ በመጡ ኮምፒውተሮችና በገመዶቻቸው ላይ ናቸው። ያገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ መሆኑን ይዘን እንጀምር።

ከሸዋ ሮቢት፦ ወንድማቸው ከአሜሪካ ዴስክቶፕ ልኮላቸዋል። ስፒናው ሁለት ጠፍጣፋና አንድ ክብ ጥርስ አለው። በአዳፕተር ልሰካው ወይስ ስፒናውን ቆርጬ ልቀይር ይላሉ።

ሁለቱንም አያድርጉ። መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለውን የፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም መብራቱን ለኮምፒውተሩ አዘጋጅቶ የሚሰጠውን ክፍል፣ ጽሑፍ ያንብቡ። ኢንፑት በሚለው መስመር ላይ 100-240 ቮልት ተብሎ ከተጻፈ ዕቃው ለእኛ መብራት ይሆናል፤ የሚቀረው ገመዱ ብቻ ነው። 115/230 የሚል ከሆነ ግን ገመዱ ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ትንሽ ቀይ ተንሸራታች ማብሪያ ይፈልጉ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ብዙውን ጊዜ 115 ላይ ነው። ሳይሰኩ በካቻቪቴ ጫፍ ወደ 230 ይግፉት። ማብሪያው 115 ላይ እያለ ፓወር ሰፕላዩ የገባለትን ቮልት እጥፍ አድርጎ ይሠራል። በ220 ሲሰካ አብዛኛውን ጊዜ ለ200 ቮልት የተሠሩት ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚይዙ ዕቃዎች) እያንዳንዳቸው እስከ 311 ቮልት ይገባባቸዋል፤ ይፈነዳሉም።

የአሜሪካው ገመድ ስፒናው ላይ የተጻፈለት 125 ቮልት ስለሆነ ያስቀምጡት። ሱቅ ሄደው «የኮምፒውተር ፓወር ኬብል» ይበሉ። በኮምፒውተሩ በኩል ሲ 13 የሚባለው ባለ ሦስት ቀዳዳ ጫፍ፣ በግድግዳው በኩል ሹኮ፣ ማለትም ሁለት ወፍራም ክብ ጥርስና ጎንና ጎኑ ላይ የብረት ልሳን ያለው ይሁን። በገመዱ ልባስ ላይ ሦስት ሽቦ፣ 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ የሚል ከታተመ ለዴስክቶፕ በቂ ነው።

የሬዲዮ ገመድ ለላፕቶፕ ቻርጀር ይሆናል?

የቻርጀሩ ቀዳዳ ስምንት ቁጥር ከመሰለ ይሆናል፤ ባለ ሦስት ከሆነ የራሱን ይግዙ።

ከደብረ ብርሃን፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፦ የኮምፒውተሩን ብረት ስነካ እጄን ይነዝረኛል፤ የጎማ ጫማ ሳደርግ ይቀራል። አንድ ሠራተኛ በሶኬቱ ውስጥ ኤርዙን (ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ) ከኒውትራል ጋር ላገናኝልህ ይለኛል። ላሠራው?

አያሠሩት! ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ፤ ጽሕፈት ቤቱ ሰው የሚገባበት የሚወጣበት ነውና።

በፓወር ሰፕላይ ውስጥ ከመብራቱ ሁለት ሽቦዎች፣ ማለትም መብራቱን ከሚያመጣው ፌዝና ከሚመልሰው ኒውትራል፣ ወደ ብረት ሳጥኑ የተዘረጉ ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ሥራቸው በመስመሩ ላይ ያለውን ረብሻ ማጣራት ነው። የተጣራው በኤርዝ ሽቦ ወደ መሬት ይወርዳል። ኤርዝ ከሌለ መውረጃ ያጣና ሳጥኑ የመብራቱን ግማሽ፣ 110 ቮልት ገደማ፣ ይዞ ይቀመጣል። በእጅዎ የሚያልፈው ከረንት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ አምፔር በታች ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይጥልም። የሚያሳስበው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ውስጥ ያለ አንድ ሽቦ ልባሱ ተልጦ ሳጥኑን ከነካ፣ ኤርዝ ቢኖር ብሬከሩ ወዲያው ይወርድ ነበር። ኤርዝ ከሌለ ሙሉው 220 ቮልት ብረቱ ላይ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል።

ኤርዙ የሚጠፋው ከሦስት ቦታ በአንዱ ነው።

መጀመሪያ ገመዱ ላይ። «አልገባ አለኝ» ብሎ ሦስተኛውን ጥርስ በፒንሳ የቆረጠ ብዙ ነው። ያ ጥርስ ሰውን ለማዳን የተሠራ ብቸኛው ጥርስ ነው። ገመዱን ከሁለቱም በኩል ነቅለው መልቲሜትሩን ኦም ላይ ያድርጉ፤ አንዱን ጫፍ በስፒናው የጎን ልሳን ወይም በሦስተኛው ጥርስ፣ ሌላውን በሲ 13 መካከለኛ ቀዳዳ ይያዙ። ዜሮ አካባቢ ካላሳየ ገመዱን ይጣሉ።

ሁለተኛው ዲቫይደሩ ነው፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይህን ነው። ገበያ ላይ የሞላው «ሁሉን ይቀበላል» የሚባል ዲቫይደር ለጠፍጣፋም ለክብም ጥርስ የሚሆን ቀዳዳ አለው። የሹኮ ስፒና ኤርዝ ግን ጎኑ ላይ ነው፤ የዚህ ዲቫይደር ጎን ደግሞ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ስፒናው ጥሩ አድርጎ ይገባል፣ ኮምፒውተሩም ይነሣል፤ ኤርዙ ግን ምንም አልነካም። የዲቫይደሩን ጉድጓድ ውስጥ ይመልከቱ፤ ከጎንና ከጎን ወጣ ያሉ ሁለት የብረት ልሳኖች ከሌሉ ለሹኮ አይሆንም። ከዱባይ የመጣ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ገመድ በዚያው ዲቫይደር ላይ ኤርዝ ሊያገኝ ይችላል፤ ኤርዙ ሦስተኛው ጥርስ ስለሆነ።

ሦስተኛው ግድግዳው ነው። ሶኬቱ የብረት ልሳን አለው፤ ከኋላው ግን ሽቦ አልተሳበም። ወይም ሽቦው አለ፣ መሬት ውስጥ የገባው ዘንግ የለም። ይህን ራስዎ አይፍቱት፤ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ይጥሩ። በፌዝና በኤርዝ መካከል 220 አካባቢ፣ በኒውትራልና በኤርዝ መካከል ጥቂት ቮልት ብቻ መኖሩን ለክቶ ያሳይዎ። ዘንጉ በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ስለሚደክም መለካት ያለበትም በበጋ ነው።

ሠራተኛው ያለዎትን በተመለከተ፦ በሶኬቱ ውስጥ ኒውትራል ከኤርዝ ቢገናኝ መንዘሩ ይጠፋል። ነገር ግን ከቆጣሪው የሚመጣው ኒውትራል አንድ ቀን ከላላ ወይም ፌዝና ኒውትራል ተገልብጠው ከታሰሩ፣ በዚያ መስመር ላይ ያሉ የኮምፒውተር፣ የፕሪንተርና የፎቶ ኮፒ ማሽን ብረቶች ሁሉ ባንዴ 220 ይይዛሉ። እባክዎ ይህ እንዳይሠራ።

ሌዘር ፕሪንተር ከአሜሪካ መጣልኝ፤ ገመዱን ብቻ ብቀይር ይሠራል?

ጀርባው ላይ 110-127 ቮልት ከተባለ አይሠራም፤ ይቃጠላል። ሌዘር ፕሪንተር ወረቀቱ ላይ ቀለሙን የሚያቀልጥበት ማሞቂያ በቀጥታ በመብራቱ የሚሠራ ስለሆነ ለአንድ ዓይነት ቮልት ብቻ ተለክቶ ነው የሚመጣው። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግዎታል። ሲሞቅ በአንድ አፍታ 1,000 ዋት ሊስብ ስለሚችል 500 ዋት የሚል ትራንስፎርመር አይበቃውም፤ ከ1,500 አያሳንሱ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር በባትሪ በሚደግፍ ትንሽ ዩፒኤስ ላይም አይሰኩት። ዋጋውን ደምረው ሲያዩት የ220ውን መግዛት ሊሻል ይችላል።

ከመሐል ሜዳ፣ የትምህርት ቤት ባልደረባ፦ በርዳታ ሰርቨር ተላከልን። ከአንዱ ገመድ ስፒና የለም፤ ጫፉ ግድግዳ ላይ አይገባም። ቆርጠን እንቀጥለው?

አትቁረጡት፤ ያልተበላሸ ገመድ ነው። በአንድ ወገን ሲ 13፣ በሌላው ሲ 14 የሚባል ወንድ ጫፍ ያለው ሲሆን የሚሰካው ዩፒኤስ ጀርባ ላይ ነው። ዩፒኤስ ከሌላችሁ ሹኮ ያለውን ተራ ገመድ ግዙ። የሰርቨሩ ቀዳዳ ከተለመደው ሰፋ ብሎ ሦስቱ ጥርሶች አግድም የተኙ ከሆነ ግን ሲ 20 ነው። የሚወስደው ሲ 19 ጫፍ ያለው፣ 16 አምፔርና 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ወፍራም ገመድ ብቻ ነው። በቀጭን ገመድ አታመቻቹት።

የደብረ ብርሃን ተማሪ፦ ቻርጀሬ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ተራራና 2000 ሜትር የሚል ምልክት አለ። ምንድነው?

ጥሩ አይተሃል። ከቻይና በሚመጡ ዕቃዎች ላይ የሚታተም ሲሆን ዕቃው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ መፈተሹን ይናገራል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሁለት ነገር ይቀንሳል፤ ሙቀት ማውጣቱ፣ እና ራቁት ብረቶችን ከብልጭታ የሚለይበት አቅሙ። ዛሬ ይፈነዳል ማለት አይደለም። ብርድ ልብስ ወይም ፍራሽ ላይ አታስቀምጠው፣ አቧራውን ጥረግ፣ ስትቀይር 5000 ሜትር የሚል ፈልግ። ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ይህ አያሳስበውም።

ገመዱ ይሞቃል፤ ምን ላድርግ?

አንድ ኮምፒውተር 300 ወይም 400 ዋት ቢስብ ነው፤ ደህና ገመድ 2,200 ዋት ይሸከማል። ስለዚህ ከሞቀ ገመዱ ወይም መያዣው ተበላሽቷል። የሚሞቀው ጫፉ ብቻ ከሆነ ሶኬቱ ላልቷል፤ ሶኬቱን ያስቀይሩ። ርዝመቱ ሁሉ ከሞቀ ሽቦው ቀጭን ነው፣ ወይም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ጫፉን ላጥ አድርገው ሲፍቁት ነጭ ይወጣዋል። ሲገዙ ትንሽ ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ ጥርሱን ከሳበው ብረት ነውና አይውሰዱ። ብርዱ ሲበረታ ደግሞ ማሞቂያውን ከኮምፒውተሩ ጋር ባንድ ዲቫይደር የሚሰኩ አሉ። ማሞቂያ ብቻውን 2,000 ዋት ይደርሳል፤ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ይሰካ።

በክረምት መብረቅ ሲያጉረመርም ማብሪያውን ማጥፋት ይበቃል?

አይበቃም። ስፒናውን ከግድግዳ ይንቀሉ፤ የኢንተርኔት ገመዱንም ጭምር።