ከመስቀል በኋላ ያለው ሰማይ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይሄ ነው፦ «አዲስ አበባ ነው የምኖረው። አሮጌ ካኖን ካሜራ ከ18-55 ሌንሱ ጋር አለኝ። በዚህ ፍኖተ ሐሊብን (ሚልኪ ዌይን) ማንሳት እችላለሁ? ወይስ መጀመሪያ ቴሌስኮፕ ልግዛ?»

ትችያለሽ። ቴሌስኮፑን ለአሁኑ ተዪው። ብሩን ለጠንካራ ትሪፖድና ለመንገድ አውጪው።

እኔ የመጀመሪያ ዓመቴን ያባከንኩት ወሩን ስላላወቅሁ ነው። ፈረንጆች «ምርጡ ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ነው» ብለው ሲጽፉ አንብቤ በነሐሴ ወጣሁ። ሦስት ሌሊት ደመና ሥር አድሬ ተመለስኩ። እነሱ አልተሳሳቱም፤ የጋላክሲያችን ማዕከል፣ ማለትም የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ክፍል፣ በዚያ ወቅት ገና ከምሽቱ ከፍ ብሎ ይታያል። እኛ ጋ ግን ክረምት ነው።

ለእኛ የሚሆኑን ሁለት ጊዜዎች ናቸው። አንደኛው ከመስቀል እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ነው። ከሁሉም እሱን እወደዋለሁ። ዝናቡ አቧራውን አጥቦት አየሩ ጥርት ይላል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ፊትሽን ወደ ደቡብ ምዕራብ አዙሪ። ማዕከሉ ያለው የድሮ መጻሕፍት አቅራብና ቀውስ በሚሏቸው ሁለት የኮከብ ስብስቦች መካከል ነው። ቀላ ያለ ደማቅ ኮከብ ካየሽ የአቅራብ ልብ እሱ ነው፤ ከሱ ወደ ግራ ሂጂ። ከ3 ሰዓት በኋላ ማዕከሉ እያዘቀዘቀ ስለሚሄድ እራትሽን አስቀድመሽ ብዪ። ሁለተኛው የየካቲት መጨረሻና መጋቢት ነው፤ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል። ሁለቱም ጊዜ ጨረቃ መኖር የለባትም። ስቴላሪየም የሚባለውን ነፃ የሰማይ ካርታ አፕ ጫኚና ቀኑን እዚያ ላይ ምረጪ።

ቦታ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ቅርብ ነው ብለሽ ሱሉልታ ብትወጪ የአዲስ አበባ ብርሃን በደቡብሽ ይሆናል። ልታነሺ የምትፈልጊው ደግሞ እዚያው አቅጣጫ ነው! ስለዚህ ከተማውን ከጀርባሽ አድርገሽ ወደ ደቡብ ውረጂ። የእኔ ቦታ ላንጋኖ ነው። ለጥቅምት የሐይቁን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ለመጋቢት የምዕራቡን ያዢ፤ ያኔ ፍኖተ ሐሊብ ከውሃው በላይ ይሆንልሻል። መንዝ ያለው ጓሳም በሰሜን ቢሆንም ከከተማው ስለሚርቅ ድንቅ ነው፤ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ከዋክብቱ ይወጉሻል። ብርዱ ግን ባትሪ ይበላል፤ ትርፍ ባትሪሽን ኪስሽ ውስጥ አሙቀሽ ያዢ። የትም ብትሄጂ ከሎጁ ግቢ አትራቂ። ለጥበቃውም ምን እንደምትሠሪ ቀድመሽ ንገሪው። ጨለማ ውስጥ ትሪፖድ ተክሎ የቆመ ሰው ያስደነግጣል።

አሁን ካሜራው። ሁሉንም ማንዋል አድርጊ። ሌንሱ 18 ላይ፣ አፐርቸሩ (የብርሃን መግቢያው) 3.5፣ አይኤስኦው (ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200፣ ፎቶው ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል)። ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ሰከንድ የምናገኘው 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት (ላንቺ 18) አካፍለን ነው። ያንቺ ካሜራ ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ 18ን መጀመሪያ በ1.6 አባዢው፤ 29 ገደማ ይመጣል። 500 ለ29 ሲካፈል 17 ነው። እኔ 15 ላይ አቆማለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ምድር ስለምትዞር ኮከቦቹ ጭረት ይሆናሉ። ፎከስ ላይ ግን አትቸኩዪ። አውቶውን አጥፊ፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ደማቅ ኮከብ አጉዪ፣ ነጥቡ እስኪያንስ ድረስ ቀለበቱን ቀስ አድርገሽ አዙሪ። እኔ አንድ ሙሉ ሌሊት በሙሉ የደበዘዘ ፎቶ ይዤ የገባሁት እዚህ ጋ ቸኩዬ ነው። ከዚያ በ2 ሰከንድ ታይመር 16 ፎቶ አከታትለሽ አንሺ። ሴኳተር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስትደራርቢያቸው በጨለማ ፎቶ ላይ የሚታየው ያ የሚያስጠላው ብናኝ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ካሜራ የሌላችሁም ስልካችሁን ትሪፖድ ላይ አድርጋችሁ በናይት ሞድ ሞክሩ። ደህና ነገር ይወጣል።

አንድ ነገር ቀድመሽ እወቂ። በዓይንሽ የምታዪው እንደ ፎቶው ባለ ቀለም አይደለም። ግራጫ ነው፤ እንደ ቀጭን ጭስ። እሱንም ለማየት ዓይንሽ 20 ወይም 30 ደቂቃ ጨለማውን መልመድ አለበት። ስልክሽን አንዴ ከከፈትሽ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ፤ የእጅ ባትሪሽን በቀይ ላስቲክ ሸፍኚው። ቆይተሽ ስታዪ መሐሉ ላይ ጥቁር ስንጥቅ አለ። ባዶ ቦታ አይደለም። ከኋላው ያለውን ብርሃን የጋረደ አቧራ ነው። የማዕከሉ ርቀት 26,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ይሄን አስቤ ቀና ስል እስካሁን ሰውነቴን ይወረኛል።

በመጋቢት ከሄድሽ ደግሞ ሌላ ስጦታ አለ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በደቡብ ደቡባዊ መስቀልን፣ በሰሜን ከአድማሱ ትንሽ ከፍ ብሎ የሰሜን ኮከብን ታያለሽ። አውሮፓ ያለ ሰው የመጀመሪያውን፣ ደቡብ አፍሪካ ያለ ሰው ሁለተኛውን ከቤቱ ሆኖ አያይም። እኛ ሁለቱም አለን።

የግድ የሆነ ነገር ልግዛ ካልሽ ሩቁን የሚያቀርብ ባለ 10 በ50 መነጽር (ባይኖኩላር) ግዢ። ባለፈው ጥቅምት ላንጋኖ ላይ ፎቶዬን ጨርሼ ሳለ፣ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ሰባቱ ከዋክብት በምሥራቅ ብቅ አሉ። ጥበቃውን አባባን ጠርቼ መነጽሩን ሰጠኋቸው። «ሰባት መሆናቸውን ከልጅነቴ አውቃለሁ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን አውጥተው መቁጠር ጀመሩ። ሃያ ሁለት ላይ ሲደርሱ መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያነሱ ልጃቸውን በስሙ ተጣሩ።