ሸክላ ማጫወቻው ሲያጉረመርም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩት የእንግሊዝ ሥሪት ሸክላ ማጫወቻ ከሃያ ዓመት በላይ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ሰሞኑን አውርጄ ሰካሁት። ይዞራል፤ ግን ከዘፈኑ ሥር ጉርርር የሚል ድምፅ አይለየውም፤ በዚያ ላይ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ይላል። ሞተሩ አልቆለታል ማለት ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ አላለቀለትም፤ ያለቀለት ሞተር ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን አያዞርም። ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ በጆሮዎ ይለዩ። አምፕሊፋየሩን ዝቅ አድርገው፣ ሸክላ ሳያስቀምጡ ማሽኑን ያስነሱና ጆሮዎን ወደ ሣጥኑ ያስጠጉ። ጉርምርምታው ከሣጥኑ ከተሰማ ችግሩ ያለው ከሚዞሩት ክፍሎች ላይ ነው። መርፌው ሸክላው ላይ ሲያርፍ ብቻ በስፒከር የሚሰማ ከሆነም ያው ንዝረት በመርፌው በኩል እየገባ ነው። መርፌው ተነሥቶም ስፒከሩ ዝም ካላለ ግን ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ መልሱን ከሚቀጥለው ጥያቄ ሥር ያገኙታል።

«ዱብ ዱቡን» ደግሞ ይቁጠሩት። በ33⅓ ፍጥነት (በደቂቃ 33⅓ ዙር) ሳህኑ አንዱን ዙር በ1.8 ሴኮንድ ይጨርሳል። በአንድ ዙር አንዴ ብቻ ከመታ ችግሩ የሳህኑ ወይም የሸክላው ነው። ስድስት ሰባት ጊዜ ከመታ ግን ጥፋቱ የትንሿ ጎማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩት ጋራርድ፣ ቢኤስአር፣ ሌንኮና ዱዋል ማሽኖች አብዛኞቹ ቺንጋ የላቸውም። የሞተሩ ፑሊ (ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ትንሽ ብረት) አንዲት ክብ ጎማ ያዞራል፤ ጎማዋ ደግሞ ሳህኑን ከውስጥ ጠርዙ ወይም ከሥሩ እየነካች ታዞረዋለች። ማሽኑ የፍጥነት ማርሹ 33 ወይም 45 ላይ እንዳለ ከተቀመጠ ፑሊው ጎማዋን ለዓመታት ተጭኖ ጎድጓዳ ቦታ ያበጅባታል። ያ ጎድጓዳ በዞረ ቁጥር ነው የሚመታው።

ስፒናውን ይንቀሉ፣ መርፌውን የያዘውን ክንድ ከማረፊያው ጋር በክር ይሰሩት፣ ምንጣፉን ያንሡ። መሃል ዘንጉ ላይ ቀለበት መያዣ ካለ በአንድ እጅ ጣት ጫን አድርገው በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ያስወጡት፤ ተስፈንጥሮ ከጠፋ ልኩን ማግኘት ከባድ ነው። ሳህኑን በሁለት እጅ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሡ። ከሥሩ በብዙዎቹ ላይ ሁለት ስስ ሮንዴላዎችና በመካከላቸው ባለ ኳስ ኩሽኔታ ያገኛሉ። ሳይነኩ በስልክዎ ፎቶ ያንሷቸው። ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ ያ ራሱ አዲስ ጉርምርምታ ይሆናል። የደረቀውን ግራሶ በአልኮል ጠርገው ኳሶቹ ላይ ስስ አዲስ ግራሶ ይቀቡ።

ጎማዋን ያውጡና ጥጡ ጥቁር መያዙን እስኪተው በአልኮል ይጥረጉ፤ ፑሊውንና የሳህኑን ውስጠኛ ጠርዝም እንዲሁ። ቤንዚንና አሴቶን ጎማ ስለሚያበላሹ አያስጠጓቸው። ከዚያ ጎማዋን በጥፍርዎ ጫን ይበሉ። ምልክት ይዛ ወዲያው ከተመለሰች ደህና ናት። እንደ ፕላስቲክ ደርቃ የምታብለጨልጭ ከሆነ ቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ለጥፈው፣ ጎማዋን በዘንጓ ላይ እያዞሩ ዙሪያዋን እኩል ይሞርዱ። ብዙ ሰው «ከሳሳች ፍጥነቱ ይቀየራል» ብሎ ይሰጋል፤ አይቀየርም። ፍጥነቱን የሚወስኑት የፑሊው ውፍረትና ጎማዋ የምትነካው የሳህኑ ክፍል ስፋት ናቸው፤ ጎማዋ አስተላላፊ ብቻ ናት። ጉድጓዱ በሞረዳ የማይጠፋ ከሆነ ግን አዲስ ጎማ ያስፈልጋል።

ቀጣዩ ሞተሩ ነው፤ ያ የማያቋርጥ ጉርርታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእሱ ነው። ዘንጉን ከላይና ከታች የሚይዙት ቡሾች ዘይት መጥጠው የሚይዙ የነሐስ ቡሾች ናቸው። ዘይቱ ሲደርቅ ዘንጉ ነሐሱን ይፈጫል። በየጫፉ 2 ወይም 3 ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል፤ ጥቂት ሰዓት እንዲመጠጥ ይተዉት። ደብሊው ዲ 40 አይርጩበት፤ ለጊዜው ያለሰልሳል፣ ከዚያ ተንኖ ቡሹን ባዶ ያስቀረዋል። ሞተሩን የሚፈቱ ከሆነ ሁለቱ ክዳኖች የሚገጥሙበትን ቦታ በእርሳስ ያስምሩ። ሲመልሱ ብሎኖቹን አንዱን ጨርሰው ሳይሆን በየተራ ጥቂት ጥቂት እያጠበቁ ዘንጉን በጣትዎ ይሞክሩ። ተሽከርክሮ ጥቂት ቆይቶ የሚቆም ከሆነ ቀጥ ብሎ ገብቷል፤ ወዲያው ቀጥ የሚል ከሆነ ክዳኑ ዘሟል፣ አላልተው እንደገና ይሞክሩ። ፑሊው ላይ የፈሰሰ ዘይት ካለ ጠርገው ያጥፉት፤ ዘይት የነካት ጎማ ትንሸራተታለች።

በመጨረሻ ሞተሩ የተንጠለጠለባቸውን ላስቲኮች ወይም ሞላዎች ይዩ። ላስቲኩ ደርቆ ድንጋይ ከሆነ ንዝረቱ ሁሉ ወደ ክንዱ ያልፋል። ማሽኑ ሲጓጓዝ እንዳይነቃነቅ የሚታሰሩ ብሎኖችም አሉት። እነሱን ሳያላሉ የሚያጫውቱ ብዙ ናቸው፤ ያን ጊዜ ከሥር ያሉት ሞላዎች ሥራ ፈት ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ መርፌው ሸክላውን ሳይነካ ስፒከሩ እምምም ይላል። ክንዱን በእጄ ስይዘው ይጠፋል። (ከአዳማ)

መልስ፦ እጅዎ ሲነካው መጥፋቱ የክንዱ የመሬት ሽቦ መቋረጡን ይነግርዎታል። ከማሽኑ የሚወጣ ብቻውን የቆመ ቀጭን ሽቦ ይፈልጉና አምፕሊፋየሩ ጀርባ «ግራውንድ» ከተባለው ብሎን ጋር ያጥብቁት። ሽቦው ከውስጥ ተነቅሎ ከሆነ በስታኞ ይበየዳል። በአንድ ስፒከር ብቻ ከሆነ የሚጮኸው፣ ካርትሪጁ (ክንዱ ጫፍ ላይ መርፌውን የያዘው ክፍል) ጀርባ ያሉትን አራት ሽቦዎች ይፈትሹ። ቀይ የቀኝ፣ አረንጓዴ የቀኝ መሬት፣ ነጭ የግራ፣ ሰማያዊ የግራ መሬት ነው። አንድ በአንድ ነቅለው ጠርገው ይመልሱ። መበየድ ካስፈለገ ግን ሽቦውን ከካርትሪጁ ሳይነቅሉ ፈጽሞ አይበይዱ፤ ሙቀቱ ውስጡን ያቃጥለዋል።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ያመጣሁትን ማሽን በ220/120 ትራንስፎርመር አገናኘሁት። ዘፋኙ ሁሉ ድምፁ ወፍሮ፣ እየተጎተተ ይዘፍናል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን (መብራቱ በሴኮንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) አይቀይርም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። እንዲህ በቀጥታ ከመብራት የሚዞር ሞተር ፍጥነቱን ከኸርዙ ስለሚወስድ አንድ ስድስተኛውን ያጣል፤ 33⅓ ወደ 27.8፣ 45 ደግሞ ወደ 37.5 ይወርዳል። መፍትሔው ለ50 ኸርዝ የተሠራና በ1.2 እጥፍ የሚወፍር ፑሊ ነው፤ አንዳንድ አምራቾች ሁለቱንም ዓይነት ያወጡ ነበር። ከገጠሙ በኋላ ሸክላው ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፈው በአንድ ደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ይቁጠሩ፤ በ45 ላይ 45 መድረስ አለበት። በባለ መስመር መፈተሻ ክብ (ፍጥነቱ ልክ ሲሆን መስመሮቹ በመብራት ሥር የቆሙ በሚመስሉበት) የሚለኩ ከሆነ ለ33⅓ ባለ 180 መስመሩን ይጠቀሙ፤ ባለ 216ቱ የ60 ኸርዝ ነው።

ጥያቄ፦ ማሽኑ አያጉረመርምም፤ ግን የድሮ ባለ 45 ሸክላዎቼ ሁሉ ይንጣጣሉ፣ ይሻክራሉ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እነዚህ ሸክላዎች ሊጠበቁ የሚገባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 አምሃ ሪከርድስ ያወጣቸውን ጨምሮ የዚያ ዘመን የአገራችን ሸክላዎች በብዛት ባለ 45 ዙር ናቸውና በመጀመሪያ መርፌውን ይመርምሩ። የድሮ ሴራሚክ ካርትሪጅ የሚገለበጥ ሁለት መርፌ አለው፤ አንዱ ለ78፣ ሌላው ለ33 እና ለ45። የ78ቱ አራት እጥፍ ገደማ ይወፍራል፤ በ45 ሸክላ ላይ ካረፈ ቦዩን (መርፌው የሚሄድበትን መስመር) ከላይ እየፈጨ ይሄዳል። ማንሻውን ወደ ቀጭኑ ይመልሱት። መርፌውን ከኋላ ወደ ፊት ብቻ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ። ክብደቱ ለማግኔት ካርትሪጅ በአብዛኛው ከ1.5 እስከ 3 ግራም፣ ለሴራሚክ ከ4 እስከ 6 ግራም ይሁን። በጣም ሲቀልም መርፌው ቦዩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይመታል። ሸክላውን መሃል ወረቀቱን ሳያረጥቡ ለብ ባለ ውሃና ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ ቦዩን ተከትለው ያጥቡ፣ በዲስቲልድ ውሃ ያለቅልቁ፣ አቁመው ያድርቁት። ከመካከላቸው ወፍራምና ተሰባሪ ባለ 78 ካለ አልኮል አያስነኩት፤ የተሠራበትን ሼላክ ያሟሟዋል።